የአምና ልጆች ስንት ናቸው? የወፎችን የመኖር ዕድል ከሙዚየም መሳቢያ ማስላት

ዘንድሮ ደጃችን ላይ ሲዘምሩ ከምንሰማቸው ወፎች ለከርሞ በሕይወት የሚደርሱት ስንቶቹ ናቸው? ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ይመስላል፤ መልሱ ግን የወፍ ተመራማሪዎችን ለረጅም ዘመን ሲያደክም ኖሯል። የወፍ ልደት አይመዘገብም። ሲሞትም ሬሳው እምብዛም አይገኝም፤ አውሬ ይበላዋል፣ ወይም ቁጥቋጦ ሥር ወድቆ ጉንዳን ይጨርሰዋል። ዛፉ ላይ ያለው ወፍ አምና ያየነው ይሁን ዘንድሮ የመጣ፣ አሻግሮ በማየት ብቻ አይለይም።

ይህን ሳናውቅ ግን ስለ አንድ የወፍ ዝርያ ማወቅ ያለብን ዋናው ነገር ይጎድለናል። ቁጥሩ የሚመነምን ዝርያ የሚመነምነው ጫጩቶቹ ስለማያድጉለት ነው ወይስ ወላጆቹ ቶሎ ቶሎ ስለሚሞቱበት? መፍትሔው የሚለየው በዚህ ነው። ጫጩቶቹ ካላደጉ ጎጆ የሚሠራበትን ሥፍራ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ የሚያልቁት ወላጆቹ ከሆኑ ግን ጎጆውን ብቻ መጠበቅ ዝርያውን አያድነውም።

ለዚህ ጥያቄ ከተገኙት መልሶች አንዱ የመጣው ከሙዚየም መሳቢያ ነው፤ ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት ከሞቱ፣ ደርቀው ከተደረደሩ ወፎች።

ስብስቡ

ኒውዮርክ የሚገኘው የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ የወፍ ናሙና አለው። ትሪንግ በምትባለው የእንግሊዝ ከተማ የተቀመጠው የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ስብስብ ደግሞ ወደ 750 ሺህ የሚጠጋ ቆዳ ይዟል። ከእነዚህ ውስጥ ለጎብኚ የሚታየው እጅግ ጥቂቱ ነው። የቀረው ብርሃንና ነፍሳት በማይገባባቸው ቁምሳጥኖች ውስጥ፣ ሰፋፊ መሳቢያዎች ላይ በጀርባው ተኝቶ ይኖራል።

እያንዳንዱ ናሙና የሚዘጋጀው በጥንቃቄ ነው። የወፏ ሆድ በስስ ምላጭ ይከፈትና ሥጋዋና የሆድ ዕቃዋ ይወጣል። የክንፍና የእግር አጥንት፣ ምንቃርና የራስ ቅሉ ከቆዳው ጋር ይቀራሉ። ውስጧ በጥጥ ይሞላል፣ ይሰፋል፣ ክንፎቿ ተጣጥፈው እንድትደርቅ ይደረጋል። በቀደመው ዘመን ብል እንዳይበላት ቆዳው አርሴኒክ ይቀባ ነበር፤ ስለዚህም ዛሬ አሮጌ ናሙና የሚነካ ሰው ጓንት ያጠልቃል። በመጨረሻ እግሮቿ ላይ ትንሽ ካርድ በክር ይታሰራል። ካርዱ የተያዘችበትን ቦታ፣ ቀኑን፣ ጾታዋንና የሰብሳቢውን ስም ይይዛል። ጎበዝ ሰብሳቢ ክብደቷንና የራስ ቅሏ ምን ያህል እንደጠነከረ ጭምር ይጽፋል።

የዚያ ዘመን ሰብሳቢዎች ከአንድ ዝርያ አንድ ናሙና ይዘው አይመለሱም ነበር። የአንድ አገር ወፍ ከሌላው አገር ወፍ በምን እንደሚለይ ለማወቅ አሥር፣ ሃያ፣ አንዳንዴም መቶ ይሰበስባሉ። ከዚያ በኋላ ለመጣ ሰው ይህ ድግግሞሽ ብክነት ሊመስል ይችላል፤ ስሙና መልኩ አስቀድሞ የታወቀ ወፍ ለምን በመቶ ይቀመጣል? የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሆነው ዘዴ የተመሠረተው ግን በዚሁ ድግግሞሽ ላይ ነው።

ክንፉን ጠጋ ብሎ ማየት

ትረሽ የሚባሉትን ወፎች እንውሰድ። ብዙ የዓለም ክፍሎችን ያዳረሱ፣ መሬት ላይ እየዘለሉ ትልና ፍሬ የሚለቅሙ ወፎች ናቸው። በሰሜን አሜሪካ ግቢ ሁሉ የሚታየው ደረተ ቀዩ የአሜሪካ ሮቢን ከእነሱ ነው። የኮስታ ሪካ ብሔራዊ ወፍ የሆነውና ጭቃ መሳይ ቀለም ያለው ትረሽም እንዲሁ። በእኛም ደጋ፣ በአዲስ አበባ ግቢዎች ጭምር፣ ብርቱካናማ ምንቃር ያለው የአቢሲኒያ ትረሽ አለ።

የአሜሪካው ሮቢን ጫጩት ከጎጆ ሲወጣ ደረቱ ዝንጉርጉር ነው። በበጋው መጨረሻና በመጸው የገላውን ላባ ይቀይራል፤ ከዚያ በኋላ አላፊ አግዳሚ ከወላጆቹ አይለየውም። ይሁን እንጂ ላባውን ሁሉ አይቀይርም። የሚበርባቸው ረጃጅም ላባዎች፣ እንዲሁም የእነዚህን ሥር ከሚሸፍኑት የክንፍ ላባዎች ወደ ውጭ ያሉት ጥቂቶቹ የልጅነት ላባ ሆነው እስከሚቀጥለው በጋ ይቆያሉ። በጫፋቸው ላይ ፈዘዝ ያለች ነጠብጣብ አለች። አጠገባቸው ካሉት አዲስ ላባዎች ጋር ሲነጻጸሩ ያጠሩ፣ የነተቡና ወደ ቡኒ ያደሉ ናቸው። በአንዱ ክንፍ ላይ አሮጌና አዲስ ላባ የሚገናኙበት መስመር በግልጽ ይታያል። ነባሩ ወፍ ግን ላባውን በሙሉ በአንድ ወቅት ስለሚቀይር ክንፉ ወጥ ነው።

እንግዲህ አጥኚው መሳቢያውን ስቦ፣ በመራቢያ ወቅት የተያዙትን ናሙናዎች በካርዳቸው ቀን መርጦ፣ የእያንዳንዱን ክንፍ በማጉያ መነጽር ያያል። ድንበሩ የሚታይባቸው የአምና ልጆች ናቸው። ወጥ ክንፍ ያላቸው ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ነባሮች ናቸው። የነባሮቹን ዕድሜ ከዚህ በላይ መተንተን አይቻልም፤ የሦስት ዓመቱም የስምንት ዓመቱም አንድ ዓይነት ነው። ለስሌቱ ግን ሁለቱ ወገኖች ይበቃሉ።

ስሌቱ

ሁልጊዜ 100 አባላት ያሉት አንድ ዕድር እናስብ። በዓመቱ 40 አዲስ አባላት ገብተዋል፤ በዓመቱ መጨረሻ ሲቆጠር ግን አባላቱ አሁንም 100 ናቸው። የወጡትን ማንም ባይመዘግብም 40 ነባሮች እንደጎደሉ እናውቃለን። ከአምናዎቹ 100 የቀሩት 60 ናቸው።

የወፎቹም ነገር ይኸው ነው። የአንድ አካባቢ የወፍ ብዛት ከዓመት ዓመት ካልተለወጠ፣ በየዓመቱ የሚሞቱት ወላጆች ቁጥር አዲስ ከሚተኩት የአምና ልጆች ቁጥር ጋር እኩል ነው። ስለዚህ በመራቢያ ወቅት ከተያዙት 100 ናሙናዎች 40ው የአምና ልጆች ከሆኑ፣ የአንድ ነባር ወፍ ከአንድ ዓመት ወደሚቀጥለው የመድረስ ዕድሉ 60 በመቶ ነው። የአምና ልጆች 20 ብቻ ከሆኑ ዕድሉ 80 በመቶ ይሆናል። ልዩነቱ ትልቅ ነው፦ በመጀመሪያው ሁኔታ ለመራባት የደረሰ ወፍ በአማካይ ሁለት ተኩል የመራቢያ ወቅት ያያል፤ በሁለተኛው አምስት።

የመራቢያ ወቅት የሚመረጠው በምክንያት ነው። በመጸው ቢቆጠር ገና ክረምቱን ያልተሻገሩ፣ አብዛኞቹ የሚሞቱ ልጆች ገብተው ቁጥሩን ያዛቡታል። በመራቢያ ወቅት የተገኘ የአምና ልጅ ግን ያንን ሁሉ አልፎ ከወላጆች ተርታ የገባ ነው። የዚያው ዓመት ጫጩትም በዝንጉርጉር ደረቱ ስለሚታወቅ ከቆጠራው ይወጣል።

የልጅና የነባር ድርሻን ከክንፍ ማንበብ በሙዚየም ብቻ የተወሰነ አይደለም። በአሜሪካ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዳክዬ የሚያድኑ ሰዎች የገደሉትን ዳክዬ አንድ ክንፍ በፖስታ ለመንግሥት የዱር እንስሳት ቢሮ ይልካሉ። ባለሙያዎች ተሰብስበው ክንፎቹን በዕድሜና በጾታ ይለያሉ፤ ውጤቱም ለአደን ደንብ ግብዓት ይሆናል። የሙዚየሙ ዘዴ ብልጫው ወደ ኋላ መሄድ መቻሉ ነው፤ ዛሬ ሄደን ልንቆጥራቸው ስለማንችላቸው የቀድሞ ዘመን ወፎች ይመልሳል።

ከሐሩር አገር የመጣው ክርክር

ዘዴው ጎልቶ የወጣው በአንድ አሮጌ እንቆቅልሽ ምክንያት ነው። የሐሩር አገር ወፎች የሚጥሉት እንቁላል ጥቂት ነው፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት። የሰሜኖቹ ዘመዶቻቸው አራት፣ አምስትና ከዚያም በላይ ይጥላሉ። በምሥራቅ አፍሪካ ለዓመታት የኖረው ሬጂናልድ ሞሮ እ.ኤ.አ. በ1944 ባሳተመው ጥናት ይህን ልዩነት በአፍሪካ ወፎች ላይ በስፋት መርምሯል። ጥቂት እየወለዱ ዘራቸው ካልጠፋ፣ የሐሩር አገር ወፎች ረዘም ያለ ዕድሜ ሊኖራቸው ይገባል የሚል ሐሳብ ከዚህ ጋር ተያይዞ ሥር ሰደደ።

ማረጋገጫው ግን አስቸጋሪ ነበር። የተለመደው ዘዴ ወፍን ይዞ እግሩ ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት አስሮ መልቀቅ፣ በሚቀጥሉት ዓመታትም መልሶ ለመያዝ መሞከር ነው። ይህን እ.ኤ.አ. በ1899 በዴንማርክ በአሉሚኒየም ቀለበት በሰፊው የጀመረው መምህሩ ሃንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን ነው። ዴቪድ ስኖው በትሪኒዳድ ደን ውስጥ አንዲት ትንሽ ወፍ በቀለበት ተከታትሎ በ1962 እንዳሳተመው፣ ከነባሮቹ 89 በመቶው ወደሚቀጥለው ዓመት ይደርሳሉ። ይህ ለትንሽ ወፍ እጅግ ከፍተኛ ቁጥር ነው። በ1990 ግን ጄምስ ካርና ባልደረቦቹ የፓናማንና የሜሪላንድን የደን ወፎች በቀለበት መረጃ አነጻጽረው፣ በሁለቱ መካከል የሚጠበቀውን ያህል ልዩነት አላገኙም። ለዓመታት እንደ እውነት ሲነገር የኖረው ነገር ጥያቄ ውስጥ ገባ።

የቀለበት ዘዴ አንድ ድካም አለው። ተመልሶ ያልተያዘው ወፍ ሞቶ ይሁን ሌላ ደን ሄዶ፣ ወይም መረቡን አውቆ ሸሽቶ፣ በቀላሉ አይለይም። ሥራው በየቦታው ለብዙ ዓመታት ሰው ማሰማራትም ይጠይቃል። የወፍ ተመራማሪው ሮበርት ሪክሌፍስ ወደ ሙዚየም መሳቢያ የሄደው በዚህ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጥናት በአሜሪካ አህጉራት ከሰሜን እስከ ሐሩር አገር የሚኖሩ ትረሾችን ናሙና ተመልክቶ፣ የአምና ልጆችን ድርሻ በየአካባቢው ቆጠረ። በሰሜን የአምና ልጆች ድርሻ ከፍ ያለ ነበር፤ በሐሩር አገር ዝቅ ያለ። ማለትም የሐሩር አገሮቹ ትረሾች ከዓመት ዓመት የመድረስ ዕድላቸው ይበልጣል። አንድም ወፍ ሳይያዝ፣ ሌሎች ለሌላ ዓላማ የሰበሰቧቸው ቆዳዎች ለዘመናት ክርክር የራሳቸውን ምስክርነት ሰጡ።

የሚያሳስተው ምንድን ነው?

ይህ ዘዴ ግን በጭፍን የሚታመን አይደለም፤ የሚያምርበትም ድክመቶቹን አውቆ ሲሠራበት ነው።

የመጀመሪያው የብዛት ጉዳይ ነው። ከ100 ናሙናዎች 40ው የአምና ልጆች ቢሆኑ፣ በዕድል ብቻ ሊፈጠር የሚችለው ስሕተት ወደላይም ወደታችም ወደ 10 በመቶ ገደማ ነው። የመኖር ዕድሉ 60 ተብሎ ቢሰላም እውነቱ ከ50 እስከ 70 ባለው ውስጥ ሊሆን ይችላል። ናሙናው 25 ብቻ ከሆነ ክልሉ ከ41 እስከ 79 ይሰፋል፤ ይህ ምንም እንዳለመናገር ነው። ስለዚህ መሳቢያ ውስጥ የተደጋገሙት ቆዳዎች ትርፍ አይደሉም፤ የመልሱ ጥራት ራሱ ናቸው።

ሁለተኛው የወፎቹ ብዛት አልተለወጠም የሚለው መነሻ ነው። ዝርያው በዓመት በ10 በመቶ እያደገ ከነበረ፣ የዘንድሮዎቹ 60 ነባሮች የተረፉት ከአምናዎቹ 91 ወፎች ስለሆነ እውነተኛው ዕድል 66 በመቶ ነው። በ10 በመቶ እየቀነሰ ከነበረ ግን 60ዎቹ ከ111 የተረፉ ናቸው፤ ዕድሉም 54 በመቶ ገደማ ይሆናል። ክንፉ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ሆኖ ትርጉሙ ይለያያል ማለት ነው። በብዙ ዓመታት የተሰበሰቡ ናሙናዎችን አንድ ላይ መውሰድ ይህን ስሕተት ይቀንሰዋል፤ አንዱ ዓመት ሲጨምር ሌላው ይቀንሳልና።

ሦስተኛው ሰብሳቢው ራሱ ነው። ልጅ ወፍ አደጋን ገና አያውቅምና ለጠመንጃም ለመረብም ይቀርባል፤ ይህ የአምና ልጆችን ድርሻ ከእውነቱ በላይ ያደርገዋል። በተቃራኒው ውብ ላባ የሚወድ ሰብሳቢ ነባር ወንዱን ይመርጣል፤ ድርሻውም ይወርዳል። ምርጫው መኖሩ በሌላ መንገድ ታይቷል፦ በ2019 (እ.ኤ.አ.) የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት በታላላቅ ሙዚየሞች ካሉት የወፍ ናሙናዎች ሴቶቹ 40 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ለዚህ ነው ጠንቃቃ አጥኚ ወንድና ሴትን ለየብቻ የሚያሰላው፣ የአንዱን ሰብሳቢ ናሙና ከሌላው ጋር የሚያመሳክረው፣ የቀለበት መረጃ ባለበት ቦታም ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን የሚያስቀምጠው።

አራተኛው የዝርያው ጠባይ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ላባቸውን በሙሉ የሚቀይሩ ወፎች የልጅነት ምልክት አይተርፋቸውም፤ ለእነሱ ይህ መንገድ ዝግ ነው። ወቅት ሳይጠብቁ የሚራቡና ላባ የሚቀይሩ የሐሩር አገር ወፎችም ካርዱ ላይ ያለውን ቀን ማንበብ ብቻ አይበቃቸውም፤ የእያንዳንዱ አካባቢ የመራቢያ ጊዜ ቀድሞ መታወቅ አለበት።

አንድ ክንፍና ብዙ ክንፍ

ወደ አገራችን ስንመጣ የነጭ ሳር ሜዳ ታሪክ ይህን ነገር በደንብ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1990 አርባ ምንጭ አጠገብ ባለው የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አንድ የጥናት ቡድን መንገድ ላይ ሞታ የተገኘች፣ በሌሊት እየበረረች ነፍሳት የምታድን ወፍ አገኘ። ሊተርፍ የቻለው አንድ ክንፏ ብቻ ነበር። ክንፉ ከታወቁት ዝርያዎች ጋር ተመሳክሮ ከአንዱም ስላልገጠመ፣ በ1995 ለሳይንስ አዲስ ዝርያ ተብሎ ተመዘገበ። ዛሬ ትሪንግ ባለው ስብስብ ውስጥ ይገኛል።

አንድ ክንፍ ለስም በቃ። ስለ ወፏ ሕይወት ግን ምንም አልነገረንም፤ ስንት ዓመት ትኖራለች? ልጆቿ ያድጋሉ? ከአሥር ወላጆች ስንቶቹ ለከርሞ ይደርሳሉ? ይህን የሚመልሰው ብዙ ክንፍ ነው፤ ቀንና ቦታ የተጻፈበት፣ በየዓመቱ የተጠራቀመ ክንፍ። በኢትዮጵያ ብቻ ከሚገኙ ወፎች ውስጥ ናሙናቸው በጣት የሚቆጠር አሉ። ከቀደምቶቹም ብዙዎቹ ውጭ አገር ናቸው፤ በ1830ዎቹ ሰሜን ተራሮችንና ጎንደርን የዞረው ኤድዋርድ ሩፔል የሰበሰባቸው ወፎች ፍራንክፈርት ባለው የዘንከንበርግ ሙዚየም ይገኛሉ።

ዛሬ ናሙና ለማከማቸት እንደዚያ ዘመን ጠመንጃ ይዞ መዞር ግድ አይደለም። ቺካጎ ያለው የፊልድ ሙዚየም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከ1978 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሙዚየሙ ባለሙያዎች ሐይቅ ዳር ባለ የስብሰባ ማዕከል መስታወት ላይ ተጋጭተው የሚሞቱትን ስደተኛ ወፎች ማለዳ ማለዳ እየለቀሙ ይመዘግባሉ። ከሕንፃ ጋር ተጋጭተው ከተለቀሙት የከተማዋ ወፎች እስከ 2016 ድረስ ከ52 ዝርያዎች ከ70 ሺህ በላይ የሚሆኑት ተለክተዋል። ልኬቱም ባልተጠበቀ መንገድ የወፎቹ አካል በአርባ ዓመት ውስጥ እያነሰ፣ ክንፋቸው ግን በመጠኑ እየረዘመ መምጣቱን አሳየ። ሥራው ሲጀመር ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም። በ1967 ተመራማሪው ዴሪክ ራትክሊፍ የጭልፊት እንቁላሎች ቅርፊት መሳሳቱን ያረጋገጠውም ዲዲቲ የተባለው ፀረ ተባይ ከመምጣቱ በፊት ከተሰበሰቡ እንቁላሎች ጋር በማነጻጸር ነው፤ ያ ማስረጃ የፀረ ተባዩን ጉዳት ለማጋለጥ ረድቷል።

በአዲስ አበባም መስታወት የለበሱ ሕንፃዎች በየዓመቱ ይጨምራሉ፣ በየአውራ ጎዳናው ወፍ በመኪና ይገጫል፣ በኤሌክትሪክ መስመር ላይም ይሞታል። አራት ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም መሳቢያዎች አሉ። ከሕንፃ ሥር የተነሳች አንዲት ትረሽ፣ ቀኗና ቦታዋ በእርሳስ ተጽፎ፣ በወረቀት ተጠቅልላ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከገባች የናሙናነት ጉዞዋ ተጀምሯል። ለሙዚየም የምትጠቅመው ብርቅ ስለሆነች አይደለም፤ ተራ ስለሆነች ነው። ተራ ወፍ ብዙ ናሙና ይኖራታል፣ ብዙ ናሙና አስተማማኝ ስሌት ይሰጣል። ዩኒቨርሲቲዎች፣ የፓርክ ጠባቂዎችና የወፍ ተመልካቾች ማኅበራት ይህን ልማድ አድርገው ቢይዙት፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚመጣ ተማሪ ስለ ደጋችን ወፎች ዛሬ ማንም የማይመልሰውን ጥያቄ ከራሱ አገር መሳቢያ ሊመልስ ይችላል። ለዚያ ተማሪ ዛሬ ልናደርግለት የምንችለው ትልቁ ነገር ካርዱን በትክክል መጻፍና ናሙናውን አለመጣል ነው።